ደም ስለ መርሳት ምን ይናገራል?

በአገራችን ሰው ሲያረጅ መርሳቱን እንደ ፀጉሩ መሸበት ቈጥረን የምናልፈው ነገር ነው። «ጃጅተዋል» እንላለን፤ በዚያው ነገሩ ይዘጋል። ይህች አንዲት ቃል ምን ያህል ነገር እንደምትሸፍን እኔም ያስተዋልሁት በቅርቡ ነው። ያስተዋልሁትም ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ አንዲት የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥታ ካቀረበችልኝ ጥያቄ ነው።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። «መምህር፣ የአባቴን ደም ወደ ውጭ አገር ልኬ ለማስመርመር ገንዘብ ልበደር ነው፤ ይጠቅመኛል ወይስ አይጠቅመኝም?» አለችኝ። አዲስ አበባ የሚኖር የአክስቷ ልጅ፣ የመርሳትን በሽታ ከደም የሚያገኝ ምርመራ በአሜሪካ መፈቀዱን የሚናገር ዜና አግኝቶ በስልክ ልኮላት ኖሯል። ልትበደር ያሰበችው ገንዘብ የስድስት ወር ደመወዟ ነው። የማስተምረው የሕይወት ሳይንስ ስለ ሆነ እንደ ሐኪም የቈጠረችኝ ይመስለኛል፤ ሐኪም ግን አይደለሁም። ቢሆንም ጥያቄው የእርሷ ብቻ እንዳይደለ ስለ ገባኝ፣ የዚህን ሳምንት አምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

አባቷ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ አምስት ይሆናል። «ይሆናል» ማለቴ፣ በዋግ ደጋ የዚያ ዘመን ሰው ልደቱን የሚያውቀው በወረቀት ሳይሆን በዘመኑ ድርጊት ስለ ሆነ ነው። አዛውንቱ በቀበሌው የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። የማን እርሻ ከማን ጋር በየትኛው ድንጋይ እንደሚዋሰን፣ እገሌ ከእገሊት ጋር በስንት ቤት እንደሚዛመድና መጋባት ይችሉ እንደ ሆነ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን አንዱን ጥያቄ ቡናው ሳይወርድ ሦስት ጊዜ ይጠይቁ ጀመር። ቀጥሎም ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ሳቱ። አሁን ደግሞ ሌሊት ይነሣሉ። ስልቻቸውን ከግድግዳው ያወርዱና «ቆረም ራሽን ይታደላል፤ ልጆቹ ሳይነቁ ልድረስ» ብለው በሩን ይከፍታሉ። ለእሳቸው ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። ቀን የበሉትን ምሳ የማያስታውሱ ሰው፣ የዛሬ አርባ ዓመት በረኃብ የተጓዙበትን መንገድ ከነምንጩና ከነዋርካው ሲዘረዝሩ መስማት ያስደነግጣል።

ጎረቤት በበኩሉ የራሱን ምርመራ ጨርሷል። አንዱ ቡዳ ነው ይላል። ሌላው ግን ከዚህ የከፋ ነገር ይናገራል፤ «በወሰን ሙግት በሐሰት መስክረው ኖሮ እርግማን ደረሰባቸው» ይላል። ልጂቱ ያን ያህል ገንዘብ ለመበደር የተነሣችው ለመድኃኒት ሳይሆን ለዚህ እንደ ሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። «ደሙ ስም ይስጠኝ፤ ስሙን ይዤ ሰው ፊት ልቁም» አለችኝ።

እንግዲህ ስሙ ከየት እንደ መጣ አስቀድመን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1901 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ገቡ። አሎይስ አልዝሃይመር የተባለው ሐኪም አጠገባቸው ተቀምጦ እየጠየቀ መልሳቸውን ይጽፍ ነበር። የአሳማ ሥጋና የአበባ ጎመን እየበሉ ሳሉ የሚበሉት ምን እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው «ስፒናች» ብለው መለሱ። ሴትዮዋ በ1906 ሲሞቱ አልዝሃይመር አንጎላቸውን በአጉሊ መነጽር መረመረ። በሴሎቹ መካከል እንደ ቆሻሻ የተጠራቀመ ጓል፣ በሴሎቹም ውስጥ እንደ ተወሳሰበ ፈትል ያለ ነገር አገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቱቢንገን ከተማ ለሐኪሞች ጉባኤ ቢያስረዳ ማንም ጥያቄ አልጠየቀውም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ታላቅ የአእምሮ ሐኪም በመጽሐፉ ውስጥ በሽታውን በአልዝሃይመር ስም ጠራው።

ጓሉ አሚሎይድ ከሚባል ፕሮቲን፣ ፈትሉ ደግሞ ታው ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ታው በጤናው ጊዜ በአንጎል ሴል ውስጥ ምግብና መልእክት የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ደግፎ የሚያቆም ነው፤ የጎጆ ማገር በሉት። በበሽታው ጊዜ ፎስፌት የተባለው ውሁድ በላዩ ላይ ከልክ በላይ ይለጠፍበታል፤ ማገሩም ከቦታው ይፈታና እርስ በርሱ ይተበተባል። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 57 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ አእምሮን የሚያደክም የመርሳት ሕመም እንደ ነበረበት የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። ከእነዚህም ውስጥ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆኑት የአልዝሃይመር ናቸው። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉት መካከለኛና አነስተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሽታው የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይቁም።

ከአልዝሃይመር በኋላ ለብዙ ዘመን በሽታውን በርግጥ ማወቅ የሚቻለው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነበር። በኋላም ሁለት መንገድ ተገኘ። አንደኛው ከወገብ አከርካሪ መካከል በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ መመርመር ነው፤ ሁለተኛው ፔት በሚባል እጅግ ውድ በሆነ መሣሪያ አንጎልን ማንሣት ነው። ሁለቱም ለሰቆጣ ሰው እንደ ሰማይ የራቁ ናቸው።

ደምን መመርመር ለምን እንዲህ ዘገየ ያላችሁ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ የመጠኑ ማነስ ነው። ከአንጎል ወደ ደም የሚያመልጠው የታው ስባሪ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ግራም ለሚሊዮን ይከፈል፤ ከዚያም አንዱ ክፍል እንደ ገና ለሚሊዮን ይከፈል፤ የሚለካው በዚያ ሚዛን ነው። ይህን ያህል ረቂቅ የሆነ መለኪያ የተገኘው በዚህ ምእተ ዓመት ነው። በተለይ በስዊድን አገር በጎተንበርግና በሉንድ ያሉ ሊቃውንት ደከሙበት። ከታው ሰንሰለት በ217ኛው ቀለበት ላይ ፎስፌት የተለጠፈበት ስባሪ፣ በአጭሩ ፒታው 217 የሚባለው፣ ከሁሉ የበለጠ ምልክት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት በኮሎምቢያ አገር በሽታው በዘር በሚተላለፍባቸው ቤተ ሰቦች ውስጥ፣ መርሳቱ ይጀምራል ተብሎ ከሚገመትበት ጊዜ 20 ዓመት ያህል አስቀድሞ ይህ ምልክት በደም ውስጥ ከፍ ማለት ሲጀምር ታይቷል።

በ2024 ደግሞ በስዊድን 1,213 ሕሙማን ተመርምረው ነበር። በተራ ክሊኒክ የሚሠሩ ሐኪሞች ያለ ደም ምርመራ በሽታውን በትክክል የለዩት 61 ከመቶ ሲሆን፣ የመርሳት ሕመም ልዩ ሐኪሞች የለዩት 73 ከመቶ ነበር። የደሙ ምርመራ ግን 91 ከመቶ ያህል ለየ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ የስዊድን አገር ሐኪም ነው! «እርጅና ነው» ብሎ የሚመልሰንን የእኛን ባለ ሙያ ከመውቀሳችን በፊት ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የአክስቷ ልጅ ያየው ዜና እውነት ነው። ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፉጂሬቢዮ የተባለው ኩባንያ ያወጣውን ሉሚፐልስ የተባለ የደም ምርመራ ፈቀደ። ምርመራው ፒታው 217ን ከአሚሎይድ ጋር እያነጻጸረ የሚለካ ነው። በ499 ሰዎች ላይ ሲፈተን፣ «አለባቸው» ካላቸው ውስጥ 91.7 ከመቶ በሌላው ምርመራ ጓሉ ተገኝቶባቸዋል፤ «የለባቸውም» ካላቸውም 97.3 ከመቶ በርግጥ አልነበረባቸውም። ከሁሉ ውስጥ ግን አንድ አምስተኛ የማይሞሉት «አልታወቀም» የሚል ውጤት ነው የደረሳቸው። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ የሮሽ ኩባንያ ምርመራ በሽታው አለመኖሩን ለማረጋገጥ በተራ ክሊኒክ እንዲሠራበት ተፈቀደ።

ዜናው የዘለለው ቁም ነገር ግን አለ። የመጀመሪያው ፈቃድ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የመርሳት ምልክት ታይቶባቸው ወደ ልዩ ሐኪም ለመጡ ሰዎች ብቻ ነው። ለጤነኛ ሰው አልተፈቀደም። ለምን እንደ ሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደማደርገው በምሳሌ ላስረዳ። ከበሽተኛው መቶ 90ውን የሚያገኝ፣ ከጤነኛውም መቶ 90ውን በደኅና የሚያሰናብት ምርመራ አለ እንበል። ከገበያ ላይ 1,000 ሰው ብንመረምርና በርግጥ የታመሙት 20 ቢሆኑ፣ ምርመራው 18ቱን ያገኛል። ጤነኞቹ 980 ናቸው፤ ከእነርሱም ከመቶ አሥሩን፣ ማለት 98ቱን፣ ያለ በደላቸው «ታማችኋል» ይላቸዋል። እንግዲህ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ከሚሄደው 116 ሰው ውስጥ በርግጥ የታመመው 18 ብቻ ነው። ምልክት ከታየባቸው 100 ሰዎች መካከል ግን 50ዎቹ በርግጥ ታመው ቢሆን፣ ያው ምርመራ 45ቱን አግኝቶ 5ቱን ብቻ ያሳስታል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚመረመረው ሰው ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስሌት ሲያዩ መጀመሪያ አላመኑኝም፤ እናንተም ወረቀት አውጥታችሁ ሞክሩት።

የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ደሙ በማጣራት ጉድለት የተነሣ ታው ከፍ ብሎ ሊገኝበት እንደሚችልም ሊታወቅ ይገባል። ከዚህም በቀር በብዙ አረጋውያን አንጎል ውስጥ ጓሉ ተገኝቶ ሳለ እስከ ዕለተ ሞታቸው አእምሮአቸው የማይደክም አሉ። ስለዚህ ደሙ ብቻውን ፈራጅ አይደለም፤ ምስክር ነው እንጂ።

እኛን የሚመለከት ሌላም ጥያቄ አለ። ምርመራው የተፈተነው በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ደም ነው። በእኛ አህጉር ብዙ አልተሠራበትም። የመርሳት በሽታ ራሱ በየአገሩ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ናይጄሪያ አስተምራናለች። በኢባዳን ከተማ የሚኖሩ የዮሩባ ሽማግሌዎችና በአሜሪካ በኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁሮች ለዓመታት ተከታትለው ሲነጻጸሩ፣ በኢባዳን በየዓመቱ አዲስ በአልዝሃይመር የሚያዘው ከኢንዲያናፖሊሱ በግማሽ ያንስ ነበር። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮንጎ፣ በኪንሻሳ፣ የአረጋውያንን ደም ለዚሁ ምልክት መመርመር ተጀምሯል። በሰቆጣና በላስታ ሰው ደም ልኩ የት እንደሚቆም የሚነግረን ጥናትም የራሳችን ሊቃውንት የቤት ሥራ ነው።

በሌላ ወገን ግን የደም ምርመራ ለእንደኛ ላለው አገር ልዩ ጥቅም ይኖረዋል የሚለው አሳብ ያሳምነኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ልጂቱ አባቷን ወደ ሌላ ከተማ ወስዳ አንድ የግል ክሊኒክ አሳይታቸው ነበር። በአማርኛ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ቢቀነስ ስንት ይቀራል? አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ» ተባሉ። አዛውንቱ ዝም አሉ። ፊደል አልቈጠሩም፤ አማርኛውንም የለመዱት ጐልምሰው ነው። በሕመሙ ጊዜ በኋላ የተማሩት ቋንቋ አስቀድሞ ሊደክም ይችላል፤ ለእሳቸው የቀረላቸው አፍ የፈቱበት የዋግ አገውኛ፣ ኽምጥኛው፣ ነው። ይህ የጥያቄ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ሲዘጋጅ የዋግን ገበሬ ያሰበ አልነበረም። በታንዛኒያ ገጠር ያሉ ሐኪሞች ይህን ተረድተው ለማይጽፍ ሰው የሚሆን ሌላ አዘጋጅተዋል። ቀለም በመጻፍ ፈንታ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያስደርድራሉ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል የእንስሳ ስም ያስጠራሉ፤ ያገሩ ሹም ማን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። እኔም በልጂቱ አስተርጓሚነት የእንስሳቱን ነገር ብሞክር አዛውንቱ አምስት ጠርተው ወደ መጀመሪያው በሬ ተመለሱ። ይህ ምርመራ አይባልም፤ ነገር ግን ዝምታቸው ካለማወቅ ብቻ እንዳልመጣ አሳየኝ። ደም ግን ፊደል አያስቈጥርም፤ በምን ቋንቋ ተናገር አይባልም።

ደሙን የመላክ ነገር እንዲህ የዋዛ አይደለም። ደሙ እንደ ተቀዳ በመሣሪያ ተሽከርክሮ ይለያል፤ ከዚያም እስኪደርስ ድረስ በብርቱ ቅዝቃዜ ይጠበቃል። መብራቱ መቼ እንደሚሄድ፣ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ በማይታወቅበት ስፍራ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዋግ ሰው ማስረዳት አያሻኝም። አሁን ሊቃውንቱ ከጣት ጫፍ የወጣችን የደም ጠብታ በወረቀት ላይ አድርቆ ያለ በረዶ የመላክን ዘዴ እየሞከሩ ነው። ይህ ሲሰምር ለእኛ ይሆናል። የዛሬውን ግን ለዛሬው አልመከርሁላትም።

ደግሞስ ስሙ ቢታወቅ መድኃኒቱ የት አለ? አሚሎይዱን የሚጠርገው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። የሚሰጠው በሽታው ገና ሲጀምር ነው። በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 ከመቶ ያህል አዘገየ እንጂ አልፈወሰም። ዋጋው ሲወጣ በዓመት 26,500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። አንዳንዱንም ሰው አንጎሉን ስለሚያሳብጥና ስለሚያደማ በየጊዜው በኤም.አር.አይ. መከታተል ያሻል። ጋዜጦች «ተአምር» ብለው ሲጽፉ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል መዋጣቸው ያናድደኛል።

«ታዲያ ምንም አላደርግም?» አለችኝ። ይህስ አይደለም። በአቅራቢያ ያለው ቀላል የደም ምርመራ ሊያገኛቸው የሚችሉ፣ መርሳትን የሚያመጡና ብዙውን ጊዜ የሚታከሙ ሕመሞች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም አንዱ ነው፤ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ ቂጥኝ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የስኳር መዛባትም እንዲሁ። ብርቱ ኀዘንና ትካዜም መርሳትን ይመስላል። የውጭውን ከመመኘት በፊት እነዚህን «ይመርመሩልኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ ካልተጠየቀ የሚያስታውሰው ባለ ሙያ ጥቂት ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ 14 ነገሮች ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት ሕመም 45 ከመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል። ከእነዚህም ውስጥ የደም ግፊት፣ ያልታከመ የጆሮና የዐይን ድካም፣ የትምህርት ማነስና ብቸኝነት ይገኛሉ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር ዮናስ ገዳ ከጓደኞቻቸው ጋር በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ዕድሜያቸው 70 ያለፈ 1,929 ሰዎች ተከታትለው በ2017 ባወጡት ጥናት፣ የእጅ ሥራ የሚሠሩ፣ ከሰው ጋር የሚውሉና ጨዋታ የሚጫወቱ አረጋውያን አእምሮአቸው የመድከሙ ዕድል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጨዋታው በእርግጥ አዳኝ ነው ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ገበጣና ማኅበር ግን ዋጋ የላቸውም።

ልጂቱ አባቷን እዚሁ አስመረመረች። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀመሩ። ጆሯቸው ሲታይ በሁለቱም ወገን ኩክ ደርቆ ደፍኖት ነበር፤ ተጠርጎ ወጣ። በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምተው «ዛሬ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም ነበርና እናቷ አለቀሱ። በወር ውስጥ ከሰው ጋር መጨዋወት ጀመሩ፤ አማርኛቸውም አልፎ አልፎ ተመለሰ። ሁሉ ነገር ግን አልዳነም። ዛሬም ሌሊት ስልቻውን ያወርዳሉ። ድሮ ልጆቹ «አባባ፣ ዘመኑ አልፏል እኮ» እያሉ ይከራከሯቸው ነበር፤ እሳቸውም ይቈጡ ነበር። አሁን እናቷ እህል የሞላ ቁና አምጥተው «ራሽኑ መጥቷል፤ ልጆቹም በልተዋል» ይሏቸዋል። እህሉን በእጃቸው ዳብሰው ይተኛሉ።

ስለዚህ የስድስት ወሩን ደመወዝ አልተበደረችም። ለጎረቤት የምትመልሰውን ግን ጽፌ ሰጥቻታለሁ፤ ይህ ሕመም እርግማን አለመሆኑን፣ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ የአንጎል በሽታ መኖሩን፣ ደም ግፊትም አንጎልን እንደሚጎዳ። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ማኅተም ባይታተምም፣ ለሰንበቴው ሰው ተነቦላቸዋል ብላኛለች።

በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ «እኔስ? የእኔንስ ደም ላስመርምር?» አለችኝ። ዕድሜዋ 27 ነው። ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ የሚወርደው ዓይነት፣ የኮሎምቢያዎቹ ዓይነት፣ እጅግ ጥቂት ነው፤ እርሱም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በጐልማሳነት እንጂ በአባቷ ዕድሜ አይደለም። ምርመራውም ምልክት ለሌለው ወጣት አልተፈቀደም። ይህን ነገርኋት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ደም አልጠየቀችኝም። ባለፈው ሳምንት መጥታ የነበረው በሌላ ነገር ነው። አባቷ ጧት ጧት አእምሮአቸው ሲበራ የወሰኑን ድንጋይና የዘር ቈጠራውን ሲናገሩ በስልኳ እየቀዳች ኖሯል፤ እርሷ ግን የከተማ ልጅ ስለ ሆነች ኽምጥኛው ሁሉ አይገባትም። የሚጽፍላት ሰው ፈልጋ ነው። ከተማሪዎቼ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊሄዱላት ተስማምተዋል፤ አንዱ የዝቋላ፣ ሌላው የጋዝጊብላ ልጅ ነው።